የቄስ ቤት በጾመ ነቢያት፦ ከ1948 ዓ.ም. ገና በፊት የነበረ የአንድ የጎጃም ቤተሰብ ኑሮ



ይህን ሕዝባዊ ንግግር እንዳቀርብ የጋበዙኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደ ልማዴ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጉልት እንደምናገር ገምተው እንደ ነበር አውቃለሁ። የዶክትሬት ጥናቴም፣ ከዚያ ወዲህ የጻፍኋቸው አብዛኞቹ ጽሑፎችም በመሬትና በግብር ላይ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ ግምታቸው የተሳሳተ አልነበረም። ዛሬ ግን ከመዝገብ ቤቱ ወጥቼ ወደ ማድቤት ልገባ ነው። የምናገረው በ1948 ዓ.ም. የገና ጾም ወራት፣ በምሥራቅ ጎጃም ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ አንድ ቀበሌ፣ በአንድ የገጠር ቄስ ቤት ውስጥ ስለ ነበረው ኑሮ ነው። ቄሱ የእናቴ አባት ናቸው። ምስክሬ እናቴ ናት። ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች።

በቅድሚያ የዘመኑን ነገር ላስረዳ፤ ተማሪዎቼ «የቃል ምስክር ዓመተ ምሕረት አይይዝም» ሲሉ ስለምሰማ ነው። እናቴ ዓመተ ምሕረቱን አልነገረችኝም። የነገረችኝ ሁለት ነገር ነው፦ ገና በታኅሣሥ 28 ቀን የዋለበት ዓመት እንደ ነበርና፣ በዚያው ጥቅምት ጎረምሶቹ ከከተማ ተመልሰው ስለ ንጉሡ ኢዮቤልዩ ያወሩ እንደ ነበር። ገና በ28 የሚውለው በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን በዓሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳባል፤ ጾሙም ኅዳር 15 መግባቱ ቀርቶ በ14 ይገባል። በእርሷ የልጅነት ዕድሜ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉት ዘመነ ዮሐንሶች 1944፣ 1948 እና 1952 ናቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተከበረው፣ የተሻሻለውም ሕገ መንግሥት የታወጀው በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ነው። ማንበብና መጻፍ ያልተማረች ሴት ከብዙ ጸሐፊዎች ይልቅ ጥርት ያለ ቀን ሰጠችኝ ማለት ነው።

ስለ ገጠር ካህናት የተጻፈ ነገር የለንም ማለቴ አይደለም። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ«ዝክረ ነገር» ስለ ሥሪተ መሬቱና ስለ ግብሩ የሰበሰቡት ቅርስ ዛሬም አልተተካም። አለን ሆበን በዳሞት ገበሬዎች መካከል ኖሮ ስለ ርስት ያጠናው፣ ዶናልድ ክራሚ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ላይ የደከመበት ሥራ በዚህ አዳራሽ ላለነው ሁሉ መማሪያችን ነው። ክራሚ በተለይ በአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የሴቶች ስም እንደ ባለመሬት፣ እንደ ሻጭና እንደ ወራሽ ተደጋግሞ እንደሚገኝ አሳይቶናል። የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ዓመፅም የራሱን ጸሐፊዎች አግኝቷል። ይሁን እንጂ መሬቱ ከተለካ፣ ግብሩ ከተጻፈ፣ እህሉ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ ያለውን ጉዳይ የታሪክ ጸሐፊ እንደ ራሱ ሥራ አይቆጥረውም። ጎተራው ውስጥ ያለው ጤፍ በራሱ ኃይል እንጀራ የሚሆን ይመስል! ይህን ነቀፌታ ከማንም አስቀድሜ የምሰነዝረው በራሴ ላይ ነው፤ የዚያን ደብር የመሬት ሰነድ ፍለጋ ሦስት ክረምት ስመላለስ፣ ማታ ማታ ራት የምታቀርብልኝን እናቴን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከካህናቱ ጋር በተጣሉበት ጊዜ ያቀረቡት ስሌት በሁላችሁም ዘንድ የታወቀ ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፤ የቀረው እንደ ማንኛውም ሰው ያርስ፣ ይገብር አሉ። ስሌቱ ከሥርዓተ ቅዳሴው የተወሰደ ነው፤ ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስምና። ክርክሩን በክፍል ውስጥ ሳስተምር ኖሬአለሁ። አምስቱን ልዑካን ማን ይመግባቸዋል ለሚለው የንጉሡም የካህናቱም መልስ «መሬቱ» የሚል ነበር። ጠቡም በዚያው በመሬቱ ላይ ሆነ። ሁለቱ ቀሳውስት ሕጋውያን ከሆኑ ግን ሁለት ቤት፣ ሁለት ሚስት፣ ሁለት ወፍጮ አላቸው፤ ዲያቆናቱም ብዙውን ጊዜ የእነዚሁ ቤቶች ልጆች ናቸው።

የአያቴ መተዳደሪያ ከሌላው ገበሬ የሚለየው በጥቂቱ ነው። በርስትነት የያዙት መሬት የቅስና አገልግሎት ነበረበት፤ ራሳቸው ያርሳሉ፣ ራሳቸው ያጭዳሉ። ሰሞነኛ በሆኑበት ሳምንት ከቤታቸው ወጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ያድራሉ። የንስሐ ልጆቻቸውን ይጎበኛሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ሙት ይፈታሉ፤ በተዝካርና በክርስትና ቀን ድርሻቸውን ይቀበላሉ። እናቴ ይህን ሁሉ ስትጠቀልለው «ቄስ ገበሬ ነው፤ ግን በወር ዐሥራ አምስት ቀን ብቻ የሚያርስ ገበሬ» አለችኝ። ቁጥሩን እንደ ስታቲስቲክስ አልወስደውም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አያቴ፣ የቄሱ ባለቤት፣ በ1948 ጥቅምት መጀመሪያ በወሊድ ዐረፈች። ሕፃኑም አልተረፈም። አራት ልጆች ቀሩ፤ ታላቋ እናቴ፣ ከእርሷ በታች ሁለት ወንዶች፣ ከዚያ አንዲት የሦስት ዓመት ሴት ልጅ።

ሞቱ በማንኛውም ቤት ቢሆን ከባድ ነው። በቄስ ቤት ግን ከሐዘኑ ሌላ የሕግ ጥያቄ ያስከትላል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቄስ የሚሆን ሰው አስቀድሞ በዲቁናው ሳለ በቁርባን ያገባል፤ ቅስናውን ከተቀበለ በኋላ ሊያገባ አይችልም። ሚስቱ ብትሞት ወይም ብትለየው ሁለተኛ ማግባት ክህነቱን ማፍረስ ነው። ስለዚህ የቄስ ክህነት በባለቤቱ ዕድሜ ላይ የተንጠለጠለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አያቴ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ40 በታች ነበር። ሦስት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው አግብቶ ክህነቱን መተው፣ በመሬቱም ላይ የሚያገለግልላቸው ሌላ ካህን ማቆም ነው። ሁለተኛው መንኩሶ ገዳም መግባትና ልጆቹን ለዘመድ ማከፋፈል ነው። ሦስተኛው ሳያገቡ በክህነታቸው ጸንተው በቤታቸው መቆየት ነው። ሦስተኛውን መረጡ። የመንደሩ ሰው ጽናታቸውን እስከ ዛሬ ያወሳል።

ሦስተኛው መንገድ የሚቻለው ግን ቤቱን የሚይዝ ሴት ካለች ብቻ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ባዕድ ሴት በቤቱ ቢያስቀምጥ፣ ሠራተኛም ብትሆን፣ ወሬው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳይደርስ አያድርም። የአያቴ እናት አርጅተው ነበር። ከሐሜት የምታድን፣ ደመወዝ የማትጠይቅ፣ ወፍጮ የምትችል አንዲት ሴት ብቻ በቤቱ ነበረች። በፍትሐ ነገሥቱም ሆነ በደብሩ መዝገብ የአያቴን ክህነት ያጸናችው የ12 ዓመት ልጅ ናት የሚል ቃል አታገኙም። እርሷም እንዲህ ብላ አልነገረችኝም፤ «አባቴ እንዳይቀር ብዬ» ብቻ ነው ያለችው። «እንዳይቀር» ያለችው ከቅዳሴ ነው።

የአርባው ተዝካር የዋለው ጾሙ ሊገባ ሲል ነበር። ዘመድ ይህን እንደ መልካም አጋጣሚ አየው፤ በጾም ቢሆን ኖሮ ድግሱ በሽሮና በስልጆ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን በሬ ታረደ። የእናቴ ትዝታ ሌላ ነው። ኅዳር ማለት የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ያለበት ወር ነው። በጎተራው የቀረውን እህል ተዝካሩ ጠራርጎ ወሰደው። ቤቱ ወደ ጾመ ነቢያት የገባው ባዶ ጎተራ፣ ያልታጨደ ጤፍና አንድ ከተዝካር የተረፈ ጋን ጠላ ይዞ ነው። ጠላው በሁለተኛው ሳምንት ሆመጠጠ።

ስለ ጾሙና ስለ አዝመራው መጋጨት እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለው ጊዜ በደጋውና በወይና ደጋው የአጨዳና የውቂያ ወራት ነው። በዚሁ ጊዜ የሚውሉትን በዓላት ቁጠሩ፦ ኪዳነ ምሕረት፣ ኅዳር ጽዮን፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ እግዚአብሔር፣ በዓታ፣ የታኅሣሥ ገብርኤል፣ ተክለ ሃይማኖት፤ በእነዚህ ላይ ቅዳሜና እሑድ ይጨመራሉ። አጥቢያው ሁሉ ሁሉንም በእኩል አያከብርም። ገበሬው ደመና ያየ እንደሆነ፣ ጎረቤቱ ሳያየው አንድ ሁለት ነዶ ሊሰበስብ ይችላል። ቄስ ግን አይችልም። የንስሐ ልጁን «በዓል ሻርህ» ብሎ የሚገሥጽ ሰው፣ ታጭዶ የተኛ ጤፉ ያለ ጊዜው በመጣ ዝናብ ሲበሰብስ ቆሞ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም። በዚያ ዓመት በጽዮን ማርያም ማግስት የዘነበው ዝናብ የአያቴን አንድ ክምር አጥቁሮባቸዋል። የጠቆረው ጤፍ ለቤት ቀለብ ሆነ፤ ነጩ ለገና ተቀመጠ።

በዓል መሻር የሚባለው የወንዱ ሥራ ብቻ አይደለም። በበዓል ቀን መፍጨት፣ መውቀጥ፣ መፍተል፣ ልብስ ማጠብ አይፈቀድም። መጋገርና ውኃ መቅዳት ይፈቀዳል። ይህ ማለት በዓሉ የሴቲቱን ሥራ አልቀነሰላትም፤ ወደ ዋዜማው ገፋው እንጂ። ሁለት በዓል በተከታታይ ሲውል፣ ለምሳሌ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም፣ የሦስትና የአራት ቀን ዱቄት በአንድ ሌሊት ይፈጫል። ከመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ ትገፋለች። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ከባቄላና ከሽምብራ ይልቅ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አንዴ ፈጭታ፣ ነፍታ፣ እንደገና ትመልሰዋለች። ያን ጊዜ በዚያ አገር የሞተር ወፍጮ አልደረሰም። የእናቴን መዳፍ ያየ ሰው ይህን በቃል ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር፤ ከአውራ ጣቷ ሥር ያለው ቆዳ እስከ መጨረሻዋ ድረስ እንደ ጫማ ቆዳ ጠንካራ ነበር።

ይህም ሁሉ የሚሆነው በጾም ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የሆነ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ስለ ጾም የተጻፉ ጥናቶች የጾመኛውን ሰውነትና ነፍስ ይመረምራሉ፤ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ጀምራ የፈጨች፣ ውኃ የቀዳች፣ የጋገረች ልጅ የምትጠብቀው ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ከሚጠብቀው ዘጠኝ ሰዓት ጋር አንድ ዓይነት እንዳልሆነ የጻፈ ግን አላጋጠመኝም።

በቤተ ልሔም የሚጋገረውን የቁርባኑን ኅብስት የሚሠሩት ዲያቆናት ናቸው። የሴት እጅ አይገባበትም። ሁለቱ አጎቶቼ፣ አንዱ ዘጠኝ አንዱ ሰባት ዓመት ሆኗቸው፣ ፊደል ከቆጠሩበት ጀምሮ ለዲቁና የተሰጡ ነበሩ። ማታ ማታ በምድጃው ብርሃን ውዳሴ ማርያምን ያጠናሉ፤ የዕለቱን ደጋግመው እስኪሰለቻቸው ይሉታል። እናቴ ከጓዳ ሆና እየፈጨች ትሰማለች። ታናሹ ሲሳሳት የምታርመው እርሷ ነበረች። ትርጉሙን አታውቅም፤ ዜማው ሲሰበር ግን ታውቃለች። አያቴ አንድ ቀን ሰምተው ሣቁና «ይቺስ ወንድ ብትሆን» አሉ። ይህን ስትነግረኝ በኩራት ነው፤ እኔ ደግሞ እንደ ምሁር ልቆጣላት ሞከርሁ፤ አልፈቀደችልኝም። ውዳሴ ማርያምን እስከ ዕለተ ሞቷ የሰባቱንም ቀን በቃሏ ትደግም ነበር።

እንግዳም ነበር። በአዝመራ ወራት የቆሎ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን አንግተው በየመንደሩ ይዞራሉ። ውሻ የሚያስሮጣቸው ቤት ይኖራል፤ የቄስ ቤት ግን ሊያባርራቸው አይችልም፤ ቄሱም ራሱ በልጅነቱ በዚያው ቁራሽ ያደገ ነውና። አያቴ ተማሪ ባዩ ቁጥር «የማርያም እንግዳ ነው፤ ግቡ በሏቸው» ይሉ ነበር። ግቡ የሚሉት እርሳቸው ናቸው፤ ሌማቱን የምትከፍተው ልጅቷ ናት። በዚያ ታኅሣሥ አራት ተማሪዎች በእነርሱ ዘንድ ስምንት ቀን ተቀምጠው ጤፍ በማጨድ አግዘዋል። ይህ እንደ ምጽዋት ብቻ የሚታይ ልማድ ለባለቤቱ የጉልበት ምንጭም እንደ ነበር ልብ ይሏል። ሦስቱ ሰንበቶች፣ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ፣ በደረሱ ጊዜ ተማሪዎቹ ማታ ማታ የሰንበቱን ዜማ ሲቀጽሉ ቤቱ ሞቅ ይል ነበር፤ እናቴ የሐዘን ዓመት መሆኑን የረሳሁት በእነዚያ ማታዎች ብቻ ነው ብላኛለች።

የገና ዝግጅት የሚጀመረው ከበዓሉ በፊት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጎልቶ እንዲታይ እሻለሁ፤ ጾሙ ራሱ የቁጠባ ሥርዓት ነበር። ላሚቱ ጾም አታውቅም፤ ከክረምቱ የተረፈ ሣር ስላለ በኅዳር ወተቷ መልካም ነው። የሚጠጣው ግን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ብቻ ነው። ስለዚህ ወተቱ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይጠራቀማል። ዕንቁላሉም እንዲሁ፤ ከፊሉ ይታቀፋል፣ ከፊሉ ገበያ ወጥቶ ጨውና በርበሬ ይሆናል። ከኅዳር 14 እስከ ገሃድ የተጠራቀመው ቅቤ የገናን ብቻ ሳይሆን የጥምቀትንም ወጥ ያበቃል። ተዝካሩ ጎተራውን ያራቆተው ቤት በገና ቀን ባዶ ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅቤው የሚነጠረው ጾሙ ሳይፈታ ነው። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተጨምሮ ሲንተከተክ መዓዛው ግቢውን ይሞላል፤ ቀማሽ ግን የለም። ለጠላው ደግሞ ገብሱ ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ብቅል እስኪሆን ይጠበቃል፤ ጌሾው ይወቀጣል፤ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የ12 ዓመቷ ልጅ ጋኑን ብቻዋን ማንሣት ስለማትችል ወደ ውስጡ ገብታ ነበር የምታጥበው። በኖላዊ ሳምንት የአባቷን ጥምጥምና ጋቢ ወንዝ ወርዳ በእንዶድ አጠበች። ጥምጥም የቄስ ክብር ነው፤ ቢያድፍ የሚታማው ቄሱ ሳይሆን ቤቱን የያዘችው ሴት ናት። ውርጩ እጇን ሰነጣጠቀው፤ እንዶዱም በስንጥቁ ገባ። በርበሬ ስትደልዝ የተሰማትን ቃጠሎ ከነገረችኝ ሁሉ በላይ አጉልታ ነው የተረከችው። ሰው የሚያስታውሰው ነገር ይገርማል፤ ስለ እናቷ ሞት በጠየቅኋት ጊዜ የመለሰችልኝ በጥቂት ቃል ነው፤ ስለ በርበሬው ግን ካሴቱ አንድ ሩብ ሰዓት ይዟል።

ገሃድ ዓርብ ዋለ። አያቴ ከቀትር በኋላ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ይቆማል፤ ከዚያ ቅዳሴው ይቀጥላል፤ ሕዝቡ ከቤቱ የሚመለሰው ሊነጋ ሲል ነው። ሴቱም ሕፃኑም፣ አረጋዊውም ጭምር ያን ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ነው። በየቤቱ አንድ ሰው ይቀራል፤ እሳቱን የሚጠብቅ፣ ወጡን የሚሠራ። በሌላው ቤት ይህ ተራ ነው፤ አንድ ዓመት እናት፣ አንድ ዓመት አክስት፣ አንድ ዓመት ምራት ትቀራለች። በአያቴ ቤት ተራ የሚለዋወጥ ሰው አልነበረም። እናቴ እስክታገባ ድረስ ስድስት ዓመት በተከታታይ፣ የቄስ ልጅ ሆና፣ አባቷ ሲቀድሱ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጥሪ በሚያሰማ ርቀት ላይ እያለ፣ የገናን ሌሊት ቅዳሴ አላስቀደሰችም። ከበሮውን ትሰማለች። ከበሮው ከየት እንደ ደረሰ በመስማት ዶሮው መቼ ወደ ድስቱ እንደሚገባ ታውቃለች። የዜማ ሊቃውንቱን ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ማኅሌት አካሄድ እንዲህ ያለ ዕውቀት በየትኛው መጽሐፍ እንደሚገኝ እጠይቃለሁ።

እርሷ በ1954 ዓ.ም. ገደማ አገባች፤ ታናሿም ወፍጮውን ተረከበች። ከዚያ ያለው ታሪክ ከምታውቁት አይርቅም። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ተቋቋመ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ጉልቱም፣ የአገልግሎት መሬቱም አብሮ ቀረ፤ አያቴ ከገበሬ ማኅበሩ እንደ ማንኛውም አባወራ ድርሻቸውን ተቀበሉ። በጥናቴ ይህን እንደ ታላቅ ስብራት ጽፌዋለሁ፤ ከመሬት ይዞታ አንጻር ዛሬም አቋሜ ያው ነው። እናቴን ግን «በቄሱ ቤት ምን ተለወጠ?» ብላት ጥቂት አሰብ አድርጋ «የሞተር ወፍጮ መጣ» አለችኝ። ወፍጮው ወደዚያ ቀበሌ የደረሰው ከአዋጁ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ለአባቷ ዘመን የሚከፈለው በየካቲት 1967 ነው፤ ለእርሷ ግን ዘመን የሚከፈለው ወፍጮው በመጣበት ቀን ነው። ከሁለቱ አንዱን ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ለማለት አልደፍርም፤ ወጣት ተመራማሪዎቻችን የወፍጮ ቤቶችን ታሪክ እንዲያጠኑ ግን ከዚህ መድረክ እለምናለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ጾሙ የሚፈታው ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ የገናን ወጥ የምትሠራ ሴት አትቀምስም። ጨዉን በእጇ ለክታ፣ በመዓዛ ፈርዳ ትተወዋለች። ልምድ ያላት ሴት አይከብዳትም። በ1948 ዓ.ም. ገና ሌሊት እናቴ ዶሮ ወጥ ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነበር። አባቷ ከወንድሞቿ ጋር ሲመለሱ ገና አልነጋም፤ ሦስቱም ብርድ አንቀጥቅጧቸዋል። ጸሎት ተደረገ፣ እንጀራው ተባረከ፣ አያቴ ቆርሰው ቀመሱ። ከዚያ በዝምታ በሉ፤ ሁለተኛም ጨምሪልኝ አሉ። ልጆቹም ዐይናቸውን አባታቸው ላይ አድርገው በሉ። እርሷ ያን ቀን ለመብላት ስላልቻለች ወጡን ሳትቀምሰው ዋለች፤ ማታ ድስቱ ባዶ ነበር።

ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በአያቴ ተዝካር ላይ፣ ታላቁ አጎቴ በሰው ፊት አወጣው፤ ጨው ጨርሶ አልገባበትም ነበር። እናቴ ይህን በካሴቱ ላይ ስትነግረኝ ትሥቃለች፤ ከዚያ ጥቂት ዝም ትላለች፤ ከዚያም «አባቴ ግን ሁለተኛ አስጨመሩኝ እኮ» ትላለች። ካሴቱ እዚያ ላይ ያልቃል።